አክሶን ያጣ የሽዋን ሕዋስ በፅንስ ውስጥ ይሞታል፣ በአዋቂ ነርቭ ውስጥ ግን ይኖራል፤ ኒውሬጉሊን በትክክል ምንድን ነው የሚያዘው?

የጣና ዳር ተማሪ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምማር የአናቶሚ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም፤ በዚህ መንገድ ከእኔ ቀድሞ የሄደ ሰው ቢያግዘኝ ብዬ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄው የተነሣው ከአንድ ስላይድ ነው። ባለፈው ወር በኦስሚየም የተቀለመ የአይጥ የሳያቲክ ነርቭ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ተመለከትኩ። ኦስሚየም ስብን ስለሚያጠቁር በአክሶኖቹ (የነርቭ ሕዋስ መልእክት በሚያስተላልፍባቸው ረጃጅም ክሮች) ዙሪያ የተጠመጠመው ማይሊን የተባለ የስብ ሽፋን ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይታያል። ወፍራሙ አክሶን ወፍራም ቀለበት አጥልቋል፣ መካከለኛው መካከለኛ፤ እጅግ ቀጫጭኖቹ አክሶኖች የሚገኙበት ስፍራ ግን ምንም ቀለበት ሳይኖረው በጥቁሮቹ መሐል ገርጥቶ ይታያል። ለእያንዳንዱ እንደ ቁመናው ተሰፍሮ የተሰጠው ይመስላል። ይህን ልክ የሚያውቀው ማን ነው? አክሶኑ ነው ወይስ የሚጠመጠምበት ደጋፊ ሕዋስ፣ ማለትም የሽዋን ሕዋስ?

ሳነብ ያገኘሁት መልስ አክሶኑ ኒውሬጉሊን-1 የሚባል የእድገት ፋክተር (ሌላ ሕዋስን የሚያዝ መልእክተኛ ፕሮቲን) በገጹ ላይ ይዞ ለሽዋን ሕዋሱ ያሳየዋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ በአንዱ ምዕራፍ ይህ ፋክተር ከሌለ በፅንሱ ነርቭ ውስጥ ያሉት ደጋፊ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተጽፏል፤ በሌላው ምዕራፍ ደግሞ የአዋቂ ነርቭ ሲቆረጥ ከቁስሉ በታች ያለው የአክሶን ክፍል ፈርሶ ቢያልቅም የሽዋን ሕዋሳቱ በሕይወት ቆይተው አዲስ የሚያድገውን አክሶን እንደሚመሩ ይነበባል። አክሶን ከሌለ ኒውሬጉሊኑም የለም፤ ታዲያ በምን ይኖራሉ? በዚህ ላይ ይኸው አንድ ፋክተር «ኑሩ»፣ «ተባዙ»፣ «ተጓዙ»፣ «ተጠምጠሙ» የሚሉ አራት ልዩ ልዩ ትእዛዞችን ይሰጣል ይባላል። አንድ ድምፅ አራት ነገር እንዴት ሊናገር እንደሚችል አልገባኝም። አስተያየታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።


መምህር ዘግዮን
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡15

ስላይዱን አስተውለው ማየትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ተማሪ ቀለበቶቹን ቆጥሮ ያልፋል እንጂ ለምን እኩል እንዳልሆኑ አይጠይቅም።

ተጋጩብኝ ያሏቸው ሁለቱ ምዕራፎች የሚናገሩት ስለ ተለያየ የዕድሜ ደረጃ ነው። ኒውራል ክሬስት ከተባለው የፅንስ ሕዋሳት ክምችት የተነሡ ሕዋሳት በማደግ ላይ ካሉት አክሶኖች ጋር ተጣብቀው ሲጓዙ በመጀመሪያ ቅድመ-ሽዋን ሕዋሳት ይሆናሉ፤ በአይጥ ፅንስ ይህ የሚታየው በ12ኛውና በ13ኛው ቀን ነው። ከ15ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ውልደት ያልበሰሉ የሽዋን ሕዋሳት ይባላሉ። ከውልደት ወዲህ ነው እንግዲህ አንዳንዶቹ ማይሊን ሠሪ፣ ሌሎቹ ደግሞ ቀጫጭን አክሶኖችን በቡድን የሚያቅፉ የሬማክ ሕዋሳት ሆነው የሚለያዩት። በእርስዎ ስላይድ ላይ ገርጥቶ የታየው ስፍራ የእነዚህ የኋለኞቹ ነው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ክሪስትያን ጄሰንና ሮና ሚርስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ይህንኑ መሸጋገሪያ ነው። ቅድመ-ሽዋን ሕዋሳትን ከነርቩ ለይተው በሳህን ላይ ሲያስቀምጧቸው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ በአፖፕቶሲስ፣ ማለትም ሕዋስ ራሱን በሚያጠፋበት ሥርዓት፣ ያልቃሉ፤ ኒውሬጉሊን ሲጨመርላቸው ግን ይኖራሉ። ጥቂት ቀናት የቆየው ያልበሰለው የሽዋን ሕዋስ በዚያው ሳህን ላይ ያለ አክሶን ይኖራል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ይኸውም ጎረቤት ነው። ሕዋሳቱ ተቀራርበው ሲዘሩ ይኖራሉ፣ ተራርቀው ሲዘሩ ይሞታሉ። ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ እያንዳንዳቸው ኢንሱሊን መሰል የእድገት ፋክተር-2ን፣ ኒውሮትሮፊን-3ንና በምሕጻር ፒዲጂኤፍ የሚባለውን ከፕሌትሌት የተገኘ የእድገት ፋክተር ራሳቸው ማመንጨት ጀምረዋል። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫረው፣ አንዱ ያመነጨውን ሌላው ይሞቀዋል። ስለዚህ የአዋቂ ነርቭ ተቆርጦ አክሶኑ ሲጠፋ እሳቱ ከቤት ውስጥ አለ።

ይህ አሠራር ጥበቡ ሲታሰብ ያስደንቃል። በፅንሱ ውስጥ ገና መንገዱ አልተለየም፤ ደጋፊ ሕዋሳቱ ወደማይገባቸው ሥፍራ ቢሄዱ ወይም ከአክሶኖቹ ቁጥር በላይ ቢበዙ ጉዳት ይሆናል። ሕይወታቸው በአክሶኑ እጅ ከሆነ ግን አክሶን የሌለበት ቦታ የሄደው ሁሉ ይቀራል፣ የቀሩትም ከአክሶኖቹ ጋር ይመጣጠናሉ። ነርቩ ከበሰለ በኋላ ጉዳዩ ይገለበጣል። በዚያን ጊዜ አደጋው መቆረጥ ነው፤ አክሶን በጠፋ ቁጥር ደጋፊዎቹም አብረው ቢጠፉ ኖሮ እንደገና የሚያድገውን አክሶን የሚመራ ማንም አይገኝም ነበር። ሽግግሩ በአንድ ሌሊት እንደማይፈጸምም ልብ ይበሉ። በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባሉ የአይጥ ግልገሎች ነርቭ ከጡንቻ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ያሉት የሽዋን ሕዋሳት ነርቩ ሲቆረጥ አሁንም ይሞታሉ፤ ከውጭ ኒውሬጉሊን ሲሰጣቸው ይተርፋሉ። በአዋቂ አይጦች ላይ ደግሞ የኒውሬጉሊንን መልእክት ወደ ሕዋሱ ከሚያስገቡት ተቀባይ ፕሮቲኖች አንዱን፣ ኧርብቢ2ን፣ ከሽዋን ሕዋሳቱ አጥፍተው የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ አስቀድሞ የተሠራው ማይሊን ባለበት እንደሚጸና፣ ከጉዳት በኋላም ሕዋሳቱ እንደሚባዙ በ2006 አሳይተዋል። በፅንስ ዘመን ይህንኑ ተቀባይ ማጣት ሞት ነው።

ጥገኝነቱ የአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑን ደግሞ በ1997 የተገለጸው ኧርብቢ3 የተባለው ሌላው ተቀባይ የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ጉዳይ ያስረዳል። በእነዚህ ፅንሶች ነርቮች ላይ ደጋፊ ሕዋሳት አልተገኙም። የእንቅስቃሴና የስሜት ነርቭ ሕዋሳቱ ግን በመጀመሪያ እንደ ወትሮው ተፈጥረው አክሶናቸውን ዘርግተው ነበር፤ ከቀናት በኋላ አብዛኞቹ ሞቱ። አክሶኑ በጠዋቱ ደጋፊውን ያኖራል፣ ደጋፊው ደግሞ ውሎ አድሮ አክሶኑን ያኖራል።

አሁን ወደ አራቱ ትእዛዞች ልምጣ። የዚህ ፋክተር ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ጀረሚ ብሮክስና ግሬግ ሌምኬ በ1980 አካባቢ የሽዋን ሕዋሳትን የሚያባዛ ፕሮቲን ከከብት ፒቱታሪ ዕጢ ሲያወጡ የግሊያ (የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት) የእድገት ፋክተር አሉት። ሌሎች ቡድኖች ደግሞ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ያለውን ተቀባይ የሚቀሰቅሰውን ነገር ይፈልጉ ነበር፤ ሌሎች ከዶሮ አንጎል ውስጥ ጡንቻው የአሴቲልኮሊን ተቀባይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ፋክተር ይፈልጉ ነበር። በ1992ና በ1993 የዘረ-መሉ ቅደም ተከተል ሲነበብ ሁሉም የያዙት የአንዱ ዘረ-መል ልዩ ልዩ ቅጂዎችን ሆኖ ተገኘ። ፋክተሩ በራሱ ቃል የለውም። ቃሉን የሚሰጡት የፋክተሩ ቅጂ ዓይነት፣ መጠኑና የሚቀበለው ሕዋስ የደረሰበት ዕድሜ ናቸው።

የማይሊኑን ነገር እንውሰድ። ከቅጂዎቹ መካከል 3ኛው ዓይነት የሚባለው በአክሶኑ ገለፈት ላይ ተተክሎ ስለሚቀር ሊሠራ የሚችለው ሕዋሱ አክሶኑን ሲነካ ብቻ ነው። በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ኒውሬጉሊን-1 ከእናትና ከአባት ከሚወረሱት ሁለት ዘረ-መሎች በአንዱ ብቻ የሚመረትባቸው አይጦች ማይሊናቸው ከሚገባው ይሳሳል፤ አክሶኖቻቸው 3ኛውን ዓይነት አብዝተው እንዲያመርቱ የተደረጉት ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈረ ማይሊን አላቸው። በ2005 ደግሞ በተፈጥሯቸው ማይሊን የማይለብሱ የሲምፓቴቲክ ነርቭ አክሶኖች ይህን ዓይነት እንዲያመርቱ ሲደረጉ ማይሊን ለበሱ። እንግዲህ በስላይድዎ ላይ ሰፋሪው አክሶኑ ነው። ወፍራም አክሶን በገጹ ላይ ብዙ ይይዛል፣ ቀጭኑ ጥቂት፤ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደፉ በታች ስለሚሆን ከሬማክ ሕዋስ ጋር ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ማይሊንን ለተማሪ ስናስረዳ ብዙዎቻችን የካህንን ጥምጣም እንመስላለን፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ጥምጣም ሲጠመጠም አዲሱ ዙር ከላይ ይደረባል። በማይሊን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የሽዋን ሕዋሱ ውስጠኛ ጠርዝ ከአክሶኑ ጋር እንደተነካካ በቀድሞዎቹ ዙሮች ሥር እየተሳበ ይዞራል፣ አሮጌዎቹ ዙሮች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ይህን ካወቅን በኋላ የአክሶኑ ኒውሬጉሊን ጥምጠማውን እስከ መጨረሻው ሊቆጣጠር የሚችልበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል፤ እያደገ ያለው ጠርዝ ከመልእክቱ ምንጭ አይለይምና።


የሐይቁ ባልደረባ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡05

መምህር ከጻፉት ላይ «ተጓዙ» ስለሚለው ትእዛዝ ብቻ ልጨምር፤ የእኔ ሥራ ዓሣ ላይ ስለሆነ ይህ ክፍል በዓይን የሚታይበትን ቦታ አውቃለሁ።

ጠያቂዋ ባሕር ዳር ካሉ፣ ጠዋት ጀልባና ታንኳ ዓሣ የሚያራግፍበት የሐይቁ ዳር ሄደው አንድ ነጭ ዓሣ በእጃቸው ይያዙ። ከጉንጩ ክዳን ጀምሮ እስከ ጅራቱ በጎኑ ላይ የተሰመረ የነጠብጣብ መስመር ያያሉ፤ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ተበስተዋል። ቆሮሶ ላይ መስመሩ መሐል ላይ ተቋርጦ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ዓሣው የውኃውን እንቅስቃሴ የሚሰማው በዚህ የጎን መስመር ነው፤ ከቆዳው ሥርም ለእርሱ የሚያገለግለው ረጅም ነርቭ ከራስ ወደ ጅራት ተዘርግቷል።

የሽዋን ሕዋሳት አካሄድ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ በጥንቃቄ የታየው በዚሁ ነርቭ ላይ ነው፤ የተመረጠው ዜብራ ዓሣ የተባለ ትንሽ ዓሣ ሲሆን ምክንያቱ ጫጩቱ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የስሜት ሕዋሳትን የሚያፈራ አንድ የሕዋስ ክምችት ከጆሮው አካባቢ ተነሥቶ ወደ ጅራት ይጓዛል፤ አክሶኖቹ እርሱን ይከተላሉ፣ የሽዋን ሕዋሳቱ ደግሞ አክሶኖቹን ይከተላሉ። ኧርብቢ2 ወይም ኧርብቢ3 በጎደለባቸው ጫጩቶች የሆነው በ2005 ታትሟል፤ አክሶኖቹ እስከ ጅራት ይደርሳሉ፣ ደጋፊ ሕዋሳት ግን አብረዋቸው የሉም። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ተቀባዩን በኬሚካል መዝጋትም እንዲሁ ጉዞውን ያበላሸዋል። ኒውሬጉሊን መንገዱን አንድ ጊዜ ከፍቶ የሚተው አይደለም፤ ሕዋሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከአክሶኑ ላይ ሊያነብበው ይገባል። እዚያም ላይ ዋናው 3ኛው ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም መምህር ማይሊን ያስወፍራል ያሉት ነው። አይጥና ዓሣ እንዲህ ተራርቀው ሳለ አንዱን መልእክት ለአንዱ ሥራ መጠቀማቸው፣ ይህ አሠራር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያመለክታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ለእኔ እጅግ የሚወደድልኝ አንድ ግኝት አለ። ደጋፊ ሕዋሳት ባጡት ጫጩቶች የጎን መስመር ላይ የስሜት አካላቱ ቁጥር ከሚገባው በላይ ይበዛል። የሽዋን ሕዋሳቱ በነርቩ ላይ ተሰልፈው ሳለ በስሜት አካላቱ መካከል የቀሩትን እንቅልፋም ሕዋሳት ከመብቀል ይከለክሏቸው ነበር፤ ጠባቂው ሲጠፋ ሁሉም ይበቅላሉ። ስለዚህ «ደጋፊ ሕዋስ» የሚለው ስም ራሱ ሥራቸውን ያሳንሰዋል ብዬ አስባለሁ።


የላብ ባለሙያ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡30

እጅግ ጠቃሚ ውይይት ነው። እኔ በፓቶሎጂ ክፍል የምሠራ ሲሆን ኧርብቢ2ን የማውቀው ሄር-2 በሚለው ስሙ ነው፤ የጡት ካንሰር ናሙና ሲመጣ በሕዋሱ ገለፈት ዙሪያ የሚታየውን ቡናማ ቀለም አይተን ደረጃ እንሰጠዋለን። እንግዲህ ኒውሬጉሊን ከአክሶኑ መጥቶ ኧርብቢ2 ላይ ሲጣበቅ ተቀባዩ ይበራል ማለት ነው፤ በትክክል ተረድቻለሁ?


መምህር ዘግዮን
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡00

ተቃርበዋል፤ ነገር ግን ማስተካከል ያለብን ነጥብ አለ፣ የነገሩም ውበት ያለው እዚያው ላይ ነው። ለኧርብቢ2 በቀጥታ የሚጣበቅ የራሱ ፋክተር እስካሁን አይታወቅም። ኒውሬጉሊን የሚጣበቀው በኧርብቢ3 ላይ ነው። ኧርብቢ3 በበኩሉ ፋክተሩን ይያዝ እንጂ መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው የካይኔዝ ክፍሉ እጅግ ደካማ ነው። አንዱ ጆሮ አለው፣ ሌላው አንደበት፤ ስለዚህ ተጣምረው ካልሆነ የሽዋን ሕዋሱ አይሰማም። በአይጥ ፅንስም በዓሣም ከሁለቱ አንዱን ማጥፋት በነርቩ ላይ ተመሳሳይ ጉዳት የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተጣመሩ በኋላ በሕዋሱ ውስጥ ሁለት ዋና መንገዶች ይከፈታሉ። አንደኛው ፒአይ3-ካይኔዝና ኤኬቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ያሉበት ሲሆን ለመኖርና ለማይሊን ሥራ ያደላል፤ ሁለተኛው የኧርክ መንገድ ሲሆን እጅግ ሲበረታ ሕዋሱን ከማይሊን ሥራ አውጥቶ ወደ መባዛትና ወደ ልጅነት ባሕርዩ ይመልሰዋል። በሳህን ላይ በተሠሩ ሙከራዎች በጥቂት መጠን የተሰጠ የሚሟሟ ኒውሬጉሊን ማይሊንን ሲያበረታ፣ በብዙ መጠን የተሰጠው ይኸው ፋክተር ማይሊኑን ሲከለክል ታይቷል። ጠያቂዋ ስለ አራቱ ትእዛዞች ላነሡት ጥያቄ ይህም የመልሱ ክፍል ነው።

ኒውሬጉሊን ብቻውን ሁሉን አይፈጽምም። በሕዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያደርሰውን ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ የሚያደርገው ጂፒአር126 የተባለው ተቀባይ ካልሠራ ሕዋሱ አክሶኑን አንድ ለአንድ ይዞ ቆሞ ይቀራል፤ የማይሊን ዘረ-መሎችን የሚከፍተው ክሮክስ-20 የተባለው ፕሮቲን ካልተነሣም እንዲሁ። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ላሚኒን የተባለው ፕሮቲን ሳይኖር ደግሞ አክሶኖቹ ከእቅፋቸው ተለይተው አንድ አንድ ሆነው መደልደላቸው ይስተጓጎላል።


የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ነርቭ የተቆረጠባቸውን ሰዎች እጅ የማንቀሳቅስ ባለሙያ ነኝ። ይህ ውይይት ለረጅም ጊዜ ሲያሳዝነኝ የኖረን ነገር ስላስረዳኝ ልጻፍ አልኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሐይቁ ማዶ ካለ ቀበሌ አንድ ወጣት ወደ እኔ መጣ። አንጓው ላይ በገጀራ ተቆርጦ በቅርቡ በሚገኝ ጤና ተቋም ቆዳው ብቻ ተሰፍቶለት ነበር፤ ነርቡ መቆረጡን ማንም አላየለትም፣ እርሱም ጣቱ የደነዘዘው ቁስሉ ስላልዳነ መስሎት ስምንት ወር ጠበቀ። ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ እንደ ጥፍር ታጥፈዋል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዶ ነበር። ወረቀት በሁለቱ ጣቶቹ መካከል አስይዤው ቀስ ብዬ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣልኝ። በኋላ ነርቡ በቀዶ ሕክምና ተገጠመለት፤ የተመለሰለት ግን ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ሒሳብ አክሶን በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል የሚለው ነው። በዚህ ሒሳብ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ወራት ይበቃሉ፤ ነገር ግን ዘግይቶ የተገጠመ ነርቭ ሒሳቡን አይጠብቅም። ምክንያቱን አሁን በደንብ ተረድቼዋለሁ። የሽዋን ሕዋሳቱ አክሶን ሳይኖር መኖር ይችላሉ የተባለው እውነት ነው፤ ከጉዳቱ በኋላም ሲ-ጁን የሚባለው ፕሮቲን ሲነሣ ማይሊናቸውን ጥለው በረድፍ ተሰልፈው ለአዲሱ አክሶን መንገድ ይሆናሉ። ችግሩ ይህ የጥገና ባሕርይ ለዘላለም አለመቆየቱ ነው። ወራት ሲያልፉ ሲ-ጁን ይቀንሳል፣ ቁጥራቸውም ይመናመናል፤ በአይጥ ላይ እንደታየው የኒውሬጉሊን ተቀባዮቻቸው ራሳቸው ይቀንሳሉ። አክሶኑ ከስምንት ወር በኋላ ደርሶ ሲያንኳኳ ከውስጥ የሚሰማው ጆሮ ደክሟል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ነርስም ሆነ ጠቅላላ ሐኪም ካለ፣ አንጓው ወይም ክንዱ የተቆረጠ ሰው ሲመጣለት ከመስፋቱ በፊት ጣቶቹ መሰማታቸውንና መንቀሳቀሳቸውን እንዲፈትን እለምናለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሥጋ ደዌም አንድ ነገር ልበል። ከታካሚዎቼ መካከል አንዲት እናት የፈላ ጀበና አንገቱን ይዘው ሲቀዱ አይቼ ደንግጬ ተነሣሁ፤ እርሳቸው ግን አልተሰማቸውም፣ መዳፋቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቦ ነበር። አርማወር ሃንሰን በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ የሚኖረው በእነዚሁ በሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ነው። ወደ እነርሱ የሚገባው መምህር የጠቀሱትን ላሚኒን እንደ መያዣ ተጠቅሞ ሲሆን፣ በ2006 በወጣ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ኒውሬጉሊን ሳይኖር ኧርብቢ2ን በቀጥታ ቀስቅሶ የኧርክን መንገድ በመክፈት ማይሊን እንዲፈርስ እንደሚያደርግ ታይቷል። ለእድገት የተሠራውን በር ጠላት በራሱ ቁልፍ ከፈተው። ሕክምናው በነፃ የሚሰጥና ባክቴሪያውን የሚያጠፋ ነው፤ የጠፋው የነርቭ ስሜት ግን ሁልጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ቆዳው ላይ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቀን መቁጠር የለበትም።


የጣና ዳር ተማሪ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓሣውን መስመር ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄጄ አየሁት፤ ነጭ ዓሣው ላይ እንደተባለው ሳይቋረጥ እስከ ጅራት ይወርዳል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ወደ አንድ ነገር አዘነበለ። በክፍላችን ከጉዳት በኋላ ያገገመ የአይጥ ነርቭ ስላይዶች አሉ። አክሶኑ ተመልሶ ካደገ ሰፋሪውም ተመልሷል ማለት ነው፤ ታዲያ አዲሱ ማይሊን በቀድሞው ልክ ይሰፈራል ብዬ ልጠብቅ? እንዴትስ ልለካው?


መምህር ዘግዮን
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 1፡40

በቀድሞው ልክ አይሰፈርም፤ ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከጉዳት በኋላ የሚሠራ ማይሊን ለአክሶኑ ውፍረት ከሚገባው ይሳሳል፣ በርዝመትም እያንዳንዱ ክፍል ያጥራል። የሚገርመው ደግሞ፣ ነርቩ ሲጎዳ የሽዋን ሕዋሳቱ ራሳቸው ለጊዜው የሚሟሟውን 1ኛ ዓይነት ኒውሬጉሊን ማምረት ይጀምራሉ፤ ይህም ማይሊኑ እንደገና እንዲሠራ ያግዛል። የአክሶኑ ኒውሬጉሊን ባይኖር እንኳ መልሶ ማልበሱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በእድገት ዘመን ሙሉ በሙሉ በአክሶኑ እጅ የነበረው ሥልጣን በአዋቂ ነርቭ ውስጥ በከፊል ወደ ሽዋን ሕዋሱ ተላልፏል።

አለካኩ ቀላል ነው። የአክሶኑን ዲያሜትር ማይሊኑን ጨምሮ ለጠቅላላው ፋይበር ዲያሜትር ያካፍሉ። አክሶኑ 6 ማይክሮሜትር፣ ፋይበሩ 9 ማይክሮሜትር ከሆነ ውጤቱ 0.67 ይሆናል፤ ጤናማ ነርቭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ያገኛሉ። ማይሊኑ በሳሳ መጠን ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። ወደ ጎን ያዘነበለ ቁራጭ ቀለበቱን ሞላላ ስለሚያደርገው እንዲህ ባለው ላይ አጭሩን ዲያሜትር ይውሰዱ፤ ማይሊኑ የተሰነጠቀ የሚመስለውን ፋይበር ይለፉት፣ ያ ሳይቶፕላዝም የሚያልፍበት ተፈጥሯዊ ክፍተት ሊሆን ይችላልና። ወፋፍራሞቹን ብቻ መርጠው እንዳይለኩ ደግሞ በስላይዱ ላይ መረብ ዘርግተው መስመሩ የነካውን ሁሉ ይለኩ። ከዚያም ቁጥሩን ከአክሶኑ ውፍረት ጋር በግራፍ ያስቀምጡና የጤናማውን ነርቭ ነጥቦች በአንድ ቀለም፣ ያገገመውን በሌላ ቀለም ያድርጉ። ሁለቱ ደመናዎች የት ላይ እንደሚለያዩ ሲያዩ እዚህ ይለጥፉልን፤ እኔ በተለይ ቀጫጭኖቹ አክሶኖች ላይ የሚሆነውን ማየት እፈልጋለሁ።